የሰኞ ሌሊት የትኛው ነው? በየሳምንቱ የሚደጋገም አላርም በጉግል «ሰዓት»

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ እኔ በምኖርበት ግቢ የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ተራችን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሰኞ ሌሊትና ሐሙስ ሌሊት የነበረ ሲሆን፣ ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ መንጠባጠብ ጀምሮ ጎህ ሳይቀድ ይሄዳል። ሮቶ ያለው ሰው ቧንቧውን ከፍቶ ይተኛል፤ እኛ ያለን ግን ሁለት በርሜልና ዘጠኝ ጀሪካን ስለሆነ፣ አንድ ሰው ተነስቶ ጎማውን ካንዱ ወደ ሌላው ማዘዋወር ይኖርበታል። ያ ሰው እኔ ነኝ። በሳምንት ሁለት ሌሊት በሰዓቱ መንቃት ያለበት፣ በቀሩት አምስት ሌሊቶች ግን ማንም እንዳይቀሰቅሰው የሚፈልግ ሰው ከስልኩ የሚጠብቀው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ስልኩ በየሳምንቱ በእነዚያ ሁለት ሌሊቶች ብቻ ይጩህ፣ ይኸው ነው። ይህን በትክክል ለማግኘት ሁለት ወር ገደማ ፈጅቶብኛል፤ ከፊሉ የእኔ ጥፋት፣ ከፊሉ የመተግበሪያ ጥፋት፣ ከፊሉ ደግሞ የማንም ጥፋት አልነበረም።

የምገመግመው በዋናነት የጉግልን «ሰዓት» መተግበሪያ ነው። በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ አብሮ የሚመጣ፣ በሌሎቹ ላይ ደግሞ ከፕሌይ ስቶር በነፃ የሚወርድ፣ ማስታወቂያ የማይታይበት መተግበሪያ ነው። ከዓመት በላይ ተጠቅሜበታለሁ። በመካከሉ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ሌላ የአላርም መተግበሪያ ሄጄ ተመልሻለሁ፤ የዚያኛውን ስም አልጠቅስም፣ የደረሰብኝን ግን እናገራለሁ። በነገራችን ላይ እኛ ቤት አላርም «ይሞላል» እንጂ «አይስተካከልም»። አባቴ ራስጌው ያስቀምጣት የነበረችው ባለ ሁለት ደወል ሰዓት ጀርባዋ ላይ ያለው ቁልፍ ካልተጠመዘዘ አትሠራም ነበርና፣ ዛሬ ምንም የሚጠመዘዝ ነገር በሌለበት ጊዜም «አላርም ሞልቼ ተኛሁ» እንላለን። ያቺ ሰዓት የምታውቀው ሰዓትን ብቻ ነበር፤ ቀን አታውቅም። ስልኩ ቀኑንም አውቃለሁ ይላል፤ ጣጣው የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

አሠራሩ ለመልመድ አያስቸግርም። የማንቂያውን ገጽ ከፍቶ ከታች ያለችውን የመደመር ምልክት በመንካት ሰዓቱ ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ ሰባት ትናንሽ ክቦች ተደርድረው ይታያሉ። ከክቦቹ አንዱም ካልተነካ አላርሙ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኾ ራሱን ያጠፋል። የተነካ ክብ ካለ ግን ያ ቀን በመጣ ቁጥር፣ ሰው እስኪያጠፋው ድረስ፣ ያለ ማብቂያ ይጮኻል። «በየሳምንቱ ድገም» የሚል ሌላ ማውጫ የለም፤ ክቡን መንካት ራሱ ድግግሞሽ ነው። ይህን ያላወቀ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በየእሑዱ ማታ የሳምንቱን አምስት አላርሞች አንድ በአንድ እንደ አዲስ ሲሞላ ኖሮ፣ ዝርዝሩ በጠፉ አላርሞች ተጨናንቆ እስከ ታች ድረስ ይሄድ ነበር።

ክቦቹ ላይ የተጻፉትን ፊደላት በተመለከተ፣ ስልክን በአማርኛ መጠቀም ጥቅም የሚሰጥበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው እላለሁ። በእንግሊዝኛው ገጽ ማክሰኞና ሐሙስ አንድ ዓይነት ፊደል፣ ቅዳሜና እሑድም አንድ ዓይነት ፊደል ይዘው ስለሚቀመጡ፣ ሰው የሚለያቸው በአቀማመጣቸው ብቻ ነው፤ እንቅልፍ በተጫጫነው ዓይን ሐሙስ ማክሰኞ ይሆናል። በአማርኛው ግን እ፣ ሰ፣ ማ፣ ረ፣ ሐ፣ ዓ፣ ቅ ስለሆኑ አንዱ ከሌላው ጋር አይምታታም። ሳምንቱ ከየትኛው ቀን ይጀምር የሚለውንም በቅንብሮች ውስጥ ከቅዳሜ፣ ከእሑድና ከሰኞ መምረጥ ይቻላል። እኔ እሑድን መርጫለሁ፤ ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ የሚሆኑት ከእሑድ ሲቆጠር ነውና የቀኖቻችን ስም ራሱ የሚፈርደው ለእርሱ ነው።

አማርኛው የሚያሳስትበት ቦታም አለ። ስልኩ የሚቆጥረው እንደ እኛ ከንጋት ሳይሆን ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በስልኩ ላይ 2፡00 ነው፤ ከጎኑም «ጥዋት» የሚል ቃል ይቀመጥለታል። ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ «ጥዋት 2 ሰዓት» ማለት ፀሐይ ወጥታ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተው፣ ቀፊራ ገበያ ሞልቶ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ቢሆን ባዕድ ምልክት ስለሚሆንብን ቆም ብለን እናሰላለን፤ በአማርኛ ሲጻፍ ግን የገዛ ቃላችን ስለሆነ ሳናስብ እናምነዋለን። መፍትሔው የስልኩን ሰዓት ወደ ባለ 24 ቁጥር መቀየር ነው። 02፡00 እና 14፡00 ተለይተው ሲቀመጡ ጥዋትና ከሰዓት የሚሉት ቃላት ይጠፋሉ፣ ስድስት መቀነስ ወይም መደመር፣ ለምሽት ደግሞ አሥራ ስምንት መቀነስ ብቻ ይቀራል። መተግበሪያው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያሳይበት ምርጫ ቢኖረው ይህ ሁሉ ባላስፈለገ ነበር፤ የለውም።

ይህን ሁሉ ጠንቅቄ አውቅ ነበር። ስለዚህ አንድ እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ተቀምጬ፣ 02፡00 መርጬ፣ «ሰ» እና «ሐ» የሚሉትን ክቦች ነክቼ፣ የድምፁን ከፍታ አይቼ ተኛሁ። አላርሙ በዚያው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጮኸ። ተነስቼ፣ ነጠላ ጫማዬን በእግሬ ፈልጌ፣ ጎማውን ይዤ ግቢ ወጣሁ፤ ቧንቧው ፉጨት እንኳ አልነበረውም። ዛሬ ዘግይቷል ብዬ በርሜሉ ጠርዝ ላይ እስከ 9 ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። በማግስቱ ማታ፣ ማለትም በእውነተኛው የሰኞ ሌሊት፣ ስልኩ ዝም ብሎ አደረ፣ እኔም ተኝቼ አደርኩ፤ ሲነጋ የጎረቤት በርሜሎች እስከ አፋቸው ሞልተው የእኛ ባዶ ነበር። በዚያው ሳምንት ረቡዕ ሌሊት ጮኾ ሐሙስ ሌሊት ዝም አለ። እኔም ስልኩ ተበላሽቷል ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት።

ስልኩ አልተበላሸም ነበር። ለእኛ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ሰኞ ነግቶ፣ መሽቶ፣ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ያ ሌሊት ገና የሰኞ ነው፤ ማክሰኞ የሚሆነው ሲነጋ ነው። ለስልኩ ግን ማክሰኞ የሚጀምረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ባሉት ስድስት ሰዓታት ውስጥ የሚሞላ ማንኛውም ሳምንታዊ አላርም፣ እኛ ቀኑን በምንጠራበት ስም ከተሞላ፣ አንድ ሙሉ ቀን ቀድሞ ይጮኻል። በየቀኑ በሚደጋገም አላርም ላይ ይህ ስሕተት በጭራሽ አይታይም፤ ሰባቱም ክብ ከተነካ የትኛው ሌሊት የየትኛው ቀን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። የሚጎዳው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ የሚፈልገውን ሰው ነው።

ቋንቋው መፍትሔውን ድሮ አዘጋጅቶት ነበር። «ለማክሰኞ አጥቢያ» የምንለው በትክክል ይህን ሌሊት ነው፤ የሰኞው ሌሊት፣ ማክሰኞ የሚነጋበት። ስልኩ የሚገባው ቋንቋ ይህ ነውና ሌሊት የሚጮኽ አላርም ሲሞላ «የማን አጥቢያ ነው?» ብሎ ጠይቆ ያንን ክብ መንካት ይበቃል። የእኔም የውሃ አላርም ከዚያ ወዲህ «ማ» እና «ዓ» ላይ ሆነ።

ድሬዳዋ ውስጥ ደግሞ ሦስተኛ ቆጠራ አለ፤ እርሱንም የተማርኩት አላርም ስሞላ ነው። ጎረቤታችን ሐጂ ስልካቸውን ይዘው መጥተው፣ «እስቲ በየሳምንቱ የጁምዓ ሌሊት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እንዲጠራኝ አድርግልኝ» አሉኝ። እኔ ከራሴ ስሕተት የተማርኩ ሊቅ ነኝና፣ ምሽት 2 ሰዓት ከእኩለ ሌሊት በፊት ስለሆነ ምንም የሚያምታታ ነገር የለውም ብዬ፣ 20፡00 ላይ «ዓ»ን ነክቼ ሰጠኋቸው። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። «ልጄ፣ ይሄ ስልክ ጁምዓ ካለቀ በኋላ ነው የጠራኝ» አሉ። በእስልምና አቆጣጠር ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነውና የጁምዓ ሌሊት እኛ ሐሙስ ማታ የምንለው ነው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ሐጂ» ብዬ «ሐ» ላይ አዞርኩላቸው። በአንድ ግቢ አጥር ውስጥ ቀኑን ከመግሪብ የሚጀምር፣ ከንጋት የሚጀምርና ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር ስልክ አብረው ይኖራሉ ማለት ነው፤ ክቦቹን የሠራው ሰው ይህን ያስባል ብዬ አልጠብቅም።

መተግበሪያው ራሱ ስሕተቱን የሚጠቁምበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ ለዚህም ከልቤ አመሰግነዋለሁ። አላርም ተሞልቶ ሲበራ ከገጹ ግርጌ ለጥቂት ሰከንዶች ብቅ ብላ የምትጠፋ አጭር ጽሑፍ አለች፤ አላርሙ ከአሁን ጀምሮ ስንት ሰዓት ቆይቶ እንደሚጮኽ የምትናገር። በዚያ እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ጽሑፏ «ከ6 ሰዓት በኋላ» ብላኝ ነበር። እኔ የፈለግኩት የሰኞን ሌሊት ስለነበር ከአንድ ቀን ከ6 ሰዓት በኋላ መሆን ነበረበት። ዓይኔ አይቶታል፤ ልቤ አላነበበውም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም አላርም ስሞላ ክቡንም፣ ሰዓቱንም፣ ጥዋትና ከሰዓቱንም ትቼ የማምነው ያችን ቁጥር ብቻ ነው፤ ስንት ሰዓት እንደቀረ ለመቁጠር ቀኑ ከየት ይጀምር የሚል ክርክር አያስፈልገውምና። አንድ ቅሬታ ቢኖረኝ ጽሑፏ ቶሎ መጥፋቷ ነው። ያመለጠችው ሰው አላርሙን አጥፍቶ መልሶ ቢያበራው እንደገና ትመጣለች።

ሳምንታዊ አላርም የያዘ ሰው የሚቸገርበት ሌላው ነገር የሚዘለል ሳምንት ነው። በዓል ይውላል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ወይም እኛ ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ሄደን ቤቱ ባዶ ይሆናል። ብዙ ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ አላርሙን ያጠፋና መልሶ ማብራት ይረሳል፤ የሚያስታውሰው በሚቀጥለው ሳምንት በርሜሉ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ነው። በጉግል «ሰዓት» ላይ ሊጮኽ የቀረበ አላርም ሰዓቱ ሳይደርስ በማሳወቂያ መልክ ከላይ ብቅ ይላል፤ እዚያው ላይ ቢሰናበት የሚቀረው የዚያን ዕለቱ ብቻ ነው፣ ድግግሞሹ አይነካም። በእኔ ስልክ ላይ ባለው እትም ከዚህም በተጨማሪ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ብሎ አላርሙን ለጊዜው ማቆም ይቻላል። ለቁልቢ ጉዞ የተጠቀምኩት ይህን ነው፤ ስመለስ ማንም ሳያስታውሰው ራሱ ሥራውን ቀጥሏል።

የድምፁ ነገር ብዙ አያስወራም። ድምፁን ቀስ በቀስ ከፍ እንዲል ማድረግ፣ ስኑዙን፣ ማለትም ጥቂት ዝም ብሎ እንደገና እስኪጮኽ ያለውን ጊዜ፣ ማስረዘም ወይም ማሳጠር፣ የስልኩ የጎን ቁልፎች ሲነኩ ምን እንደሚያደርጉ መምረጥ ይቻላል። ይህ የመጨረሻው የናቅኩት ነገር ነበር፤ እጄ ትራስ ሥር ገብታ የጎን ቁልፉን ስትጫነው አላርሙን ሙሉ በሙሉ እያሰናበተችው መሆኑን እስካውቅ ድረስ። አሁን ስኑዝ ብቻ እንዲያደርግ አድርጌዋለሁ። የአላርም ድምፅ ከዘፈንና ከጥሪ ድምፅ ተለይቶ የሚስተካከል መሆኑንም ማስታወስ ይገባል፤ ጥሪው ዝም ስላለ አላርሙም ዝም ይላል ማለት አይደለም፣ ተቃራኒውም እንዲሁ።

ወደ ሌላው መተግበሪያ ልመለስ። ያወረድኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጉግል «ሰዓት» የሌለውን ነገር ስላገኘሁበት ነው። ሥራ የምገባው ቅዳሜ በአንድ ሳምንት ልዩነት ነው፤ አንዱን ቅዳሜ እገባለሁ፣ ቀጣዩን አርፋለሁ። በጉግል «ሰዓት» ላይ ክቡ ወይ ይበራል ወይ ይጠፋል፤ «አንድ ሳምንት እየዘለልክ» ማለት አይቻልም። ያወረድኩት መተግበሪያ ግን በየሁለት ሳምንቱ የሚል ምርጫ ነበረው፣ ከዚያም አልፎ ሒሳብ ካልሠሩለት ዝም የማይል አላርም፣ የተለያየ ቀለም፣ የአየር ሁኔታ፣ ምን የሌለው አለ። አላርሙ ሲጮኽ ከማጥፊያው በላይ ማስታወቂያ ይወጣ ነበር፤ በሌሊት 8 ሰዓት ዓይኑን ያልገለጠ ሰው ማጥፊያውን ፈልጎ የብድር ማስታወቂያ ይከፍታል። ይህንን ታግሼዋለሁ። ያልታገስኩት ሦስተኛው ሳምንት ላይ ዝም ማለቱን ነው። ዝርዝሩን ስከፍተው አላርሙ በርቷል፣ ክቡም ደምቋል፣ ሰዓቱም ትክክል ነው፤ ብቻ አልጮኸም።

ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል፤ የአላርም መተግበሪያ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ሰዓት አይጠብቅም። በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ቀስቅሰኝ ብሎ ቀጠሮውን ለአንድሮይድ ሥርዓት ያስይዝና ይተኛል። ሳምንታዊ ድግግሞሽ የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ሰንሰለት ነው፤ አላርሙ ሲጮኽ መተግበሪያው ለቀጣዩ ሳምንት አዲስ ቀጠሮ ያስይዛል። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይቀራል። የሚበጠስበት መንገድም ብዙ ነው። ስልኩ ጠፍቶ ሲነሳ የተያዙት ቀጠሮዎች ይሰረዛሉና፣ መተግበሪያው ስልኩ እንደተነሳ መልሶ ካላስያዛቸው ይቀራሉ። መተግበሪያው በግዳጅ እንዲቆም ከተደረገ ቀጠሮዎቹ ሁሉ አብረው ይሰረዛሉ፤ በአንዳንድ አምራቾች ስልኮች ላይ ደግሞ ባትሪ ቆጣቢው ይህንኑ የሚመስል ነገር ለባለቤቱ ሳይነግር ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው አንድሮይድ 9 ጀምሮ ሥርዓቱ መተግበሪያዎችን በምን ያህል ጊዜ እንደሚከፈቱ እያየ በደረጃ ይመድባል፤ ብዙ ያልተከፈተው ከበስተጀርባ የሚሠራውን ሥራ ያዘገይበታል። እንግዲህ አስቡት፤ የሳምንት አላርም የያዘ መተግበሪያ በባሕርይው ሰባት ቀን የማይከፈት መተግበሪያ ነው። ሥራውን በትክክል በመሥራቱ፣ ማለትም ባለቤቱን ባለማስቸገሩ፣ የተረሳ ተደርጎ ይቆጠራል።

በዚያ ላይ የፈቃድ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አንድሮይድ 12 በትክክለኛው ደቂቃ ለመጮኽ የሚፈልግ መተግበሪያ ልዩ ፈቃድ እንዲኖረው አደረገ፤ በ2023 የወጣው አንድሮይድ 14 ደግሞ ይህን ፈቃድ ለአብዛኞቹ አዲስ ለሚጫኑ መተግበሪያዎች በራሱ መስጠቱን አቆመ። ፈቃዱ የሚገኘው በስልኩ ቅንብሮች ውስጥ፣ መተግበሪያዎች ከሚለው ሥር፣ ልዩ መዳረሻ በሚለው ክፍል ስለ ማንቂያዎችና አስታዋሾች በሚናገረው ቦታ ነው። ከፕሌይ ስቶር ያወረዱትን አላርም የሚያምኑ ሁሉ ይህንንና የማሳወቂያ ፈቃዱን አይተው መፍቀድ፣ መተግበሪያውንም ከባትሪ ቁጠባው ነፃ ማድረግ ይኖርባቸዋል። እኔ ሦስቱንም አድርጌ ለሁለት ሳምንት በትክክል ጮኸልኝ። ነገር ግን ልቤ አልተመለሰም። በየቀኑ የሚጮኽ አላርም ቢከዳ በማግስቱ ይታወቃል፤ የሳምንቱ ከከዳ ግን ማስተካከሌ መስራቱን የማውቀው ሌላ ሳምንት ጠብቄ ነው፣ ስሕተቱ ከተደገመ ደግሞ ሌላ ሳምንት። በጀሪካን ውሃ የምለካው ፈተና ስለሆነ ሰረዝኩት።

ጉግል «ሰዓት» በእኔ ስልክ ላይ እስካሁን አንድ ጊዜም ሳይጮኽ አልቀረም፤ ስልኩ በርቶ እስከነበረ ድረስ ማለቴ ነው። መብራት ጠፍቶ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ያለቀበት አንድ ሌሊት ነበር፤ የጠፋ ስልክ እንዲጮኽ መጠበቅ የዋህነት ነው። ስልኩ ራሱን አጥፍቶ ከተነሳና ባለቤቱ ገና የይለፍ ቁጥሩን ካላስገባ ግን፣ ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ ሥርዓቱ አላርም መሰል መተግበሪያዎች በዚያ ሁኔታም እንዲሠሩ መንገድ ስለከፈተ፣ ቁጥሩ ሳይገባም ሊጮኽ ይችላል።

የቅዳሜውን ጉዳይ በጉግል ካላንደር ነው የፈታሁት። ካላንደሩ በየሁለት ሳምንቱ መድገም ያውቃል። ግን ካላንደር የሚሰጠው ማሳሰቢያ አንዴ ጭው ብሎ የሚያበቃ ድምፅ ስለሆነ ሰው አይቀሰቅስም፤ ስለዚህ ዓርብ ማታ «ነገ ሥራ አለ» ብሎ ያሳስበኝና እኔ በእጄ የቅዳሜውን አላርም አበራለሁ። አስቀያሚ ዘዴ ነው፤ ይሠራል። በየወሩ ቀን ለሚቆጥሩ፣ ማለትም በ12 ሚካኤልን፣ በ19 ገብርኤልን፣ በ21 ማርያምን ለሚያስቡ ሰዎች ደግሞ የሳምንት ክብ ምንም አይጠቅምም፤ 30 ቀን በሰባት እኩል አይካፈልምና በዓሉ በየወሩ ሌላ ቀን ላይ ይውላል። ለረቡዕና ለዓርብ ጾም ግን ተስማሚ ነው። የሥራ ባልደረባዬ አይፎን ላይም የሳምንቱ ቀኖች ተዘርዝረው በመንካት የሚመረጡ ናቸው፤ እኩለ ሌሊት ላይ ቀን መቀየሩም ያው ነው፣ አጥቢያ እዚያም አይታወቅም።

እናቴ ለመገጣጠሚያ ሕመሟ ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት ትወስዳለች። ይህ መድኃኒት ለዚህ ሕመም ሲታዘዝ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በስሕተት በየቀኑ ቢወሰድ ሕይወት እስከማሳጣት ይደርሳል። ሐኪሟ ማክሰኞን መረጠላት፤ ዓርብ ደግሞ ፎሊክ አሲድ ትወስዳለች። ለእርሷ የሞላሁላት ሁለት አላርም ነው፣ ሁለቱም ከምሳ በኋላ በ14፡00፤ በቀን ስለሆነ አጥቢያ አያምታታቸውም። እዚህ ላይ ነው ማንቂያው ላይ ስም መጻፍ የሚቻልበት ቦታ ዋጋው የታየኝ። መጀመሪያ ሁለቱንም «መድኃኒት» ብዬ ጽፌ ነበር። አንድ ዓርብ ስልኩ ሲጮኽ «መድኃኒት» የሚለውን አንብባ የማክሰኞውን እሽግ ከመሳቢያ አውጥታ ውሃ ስትቀዳ ደረስኩ። አሁን የማክሰኞው «ቢጫዋ ኪኒን፣ በሳምንት አንዴ ብቻ»፣ የዓርቡ «የዓርብ ኪኒን፣ የማክሰኞዋን አትንኪ» ይላል። ስሙ አላርሙ በሚጮኽበት ገጽ ላይ በጉልህ ይወጣል። መተግበሪያው የማያደርገው ነገር መወሰዱን መመዝገብ ነው፤ ያጠፋችው ወስዳ ይሁን ወይም ድምፁ ሰልችቷት አያውቅም። ስለዚህ የማድ ቤቱ በር ጀርባ ላይ የተሰቀለው የወረቀት ካላንደር አሁንም በእስክሪብቶ ይሰረዛል።

ነጥብ ስጥ ከተባልኩ ለጉግል «ሰዓት» ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን የያዝኩበት በየሁለት ሳምንቱ መድገም ባለማወቁ ነው እንጂ በአጥቢያው ጉዳይ አይደለም፤ እርሱ የሁላችንም ዕዳ ነው።

ባለፈው ሳምንት ፈረቃችን ወደ ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ተዛወረ። ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁለት ክብ አጥፍቼ ሁለት ክብ ነካሁ፣ «ረ» እና «ቅ»፤ ከገጹ ግርጌ ብቅ ያለችውን ቁጥርም አነበብኩ። ባለቤቴ በትከሻዬ ላይ አይታ፣ «ማክሰኞና ዓርብ አላሉም እንዴ? ቅዳሜ ደግሞ ምን አለ?» አለችኝ።